«ስኪዞፍሬኒያ» ሁለት ሰው መሆን ማለት አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

የጋዜጣችሁ የብዙ ዓመት ደንበኛ ነኝ። ቅዳሜ ጠዋት መናኸሪያው አካባቢ ከሚቆም ጋዜጣ አዟሪ እገዛና፣ ቡናው እስኪፈላ እኔ የአስተያየት ገጹን፣ ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ስፖርቱን ይዘን እናነባለን። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ግን ገጾቹን ተለዋውጠን ነበርና እኔ ያላየሁትን እርሱ ቀድሞ አየው። አንድ አስተያየት ሰጪ፣ ጠዋት የፈቀደውን ከሰዓት በኋላ የሚከለክል መሥሪያ ቤትን ለመተቸት «ስኪዞፍሬኒያ የያዘው አሠራር» ብለው ጽፈዋል፤ አንባቢ እንዳይቸገርም «ሁለት ሰው በአንድ አካል» ሲሉ አብራርተውታል። ወንድሜ ጋዜጣውን አጥፎ ወደ እኔ ገፋ አደረገና «እትዬ፣ ይኼ እኔን ነው?» አለኝ።

ወንድሜን ስኪዞፍሬኒያ ከያዘው ሰባት ዓመት አልፎታል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በእርሱ ፈቃድ ነው፤ ስሙ እንዳይጠቀስ ብቻ አሳስቦኛል። ጸሐፊውን ለመውቀስ አልተነሣሁም። ቃሉን በዚያ መልኩ የሚጠቀሙበት እርሳቸው ብቻ አይደሉም፤ በሬዲዮ ውይይትም፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍላችንም እሰማዋለሁ፤ ወንድሜ ከመታመሙ በፊት እኔም በዚያው መንገድ ስጠቀምበት ኖሬአለሁ። ለመጻፍ ያነሣሣኝ አጠቃቀሙ ቅር ማሰኘቱ ብቻ አይደለም። ከዚህ የተሳሳተ ግንዛቤ የተነሣ በእኛ ቤት አንድ ዓመት ተኩል ያህል ባክኗል፤ ያ ጊዜ ደግሞ ሕክምና ከሁሉ በላይ የሚጠቅምበት ጊዜ ነበር።

የቃሉን ታሪክ ላስቀድም። «ስኪዞፍሬኒያ» የሚለውን ስያሜ እ.ኤ.አ. በ1908 ያወጣው ኦይገን ብሎይለር የተባለ የስዊዘርላንድ የአእምሮ ሐኪም ሲሆን፣ የሠራውም «መሰንጠቅ» እና «አእምሮ» የሚል ፍቺ ካላቸው ሁለት የግሪክኛ ቃላት አጣምሮ ነው። ተሰነጠቀ ያለው ግን ሰውየው ራሱ ሁለት ሰው ሆነ ለማለት አልነበረም። በጤናማ ሰው ዘንድ ተያይዘው የሚሄዱት ሐሳብ፣ ስሜትና ድርጊት አንዱ ከሌላው መፈታታቸውን ለመግለጽ ነበር፤ ስለ ሞት እያወራ ፊቱ የማይለወጥ፣ ሊነሣ አስቦ የማይነሣ፣ የጀመረው ዓረፍተ ነገር መጨረሻው የሚጠፋበት ሰው ማለት ነው። በአንድ አካል ውስጥ የተለያዩ ማንነቶች የሚፈራረቁበት ሁኔታ በሐኪሞች መዝገብ ሌላ ስምና ሌላ ምዕራፍ አለው። ጃፓናውያን የእነርሱም መጠሪያ «የአእምሮ መሰንጠቅ በሽታ» የሚል ስለነበረ፣ ሕሙማንና ቤተሰቦቻቸው ተሳቀውበት ኖረው እ.ኤ.አ. በ2002 ስሙን ለወጡት፤ አዲሱ ስም «የመቀናጀት መታወክ» እንደ ማለት ነው። ደቡብ ኮሪያውያንም ተከትለው ሲለውጡ የመረጡት ቃል ባለ አውታር የሙዚቃ መሣሪያን መቃኘትን የሚያመለክት ነው። ይህን ባነበብኩ ጊዜ ትዝ ያለኝ ክራር ነው። ቅኝቱ የወረደ ክራር አውታሮቹ በሙሉ በቦታቸው አሉ፤ ክራርነቱም አልጠፋም፤ ዜማው ግን አልመጣ ይላል። ለአማርኛችን የሚስማማ ስም የሚያወጣ ሰው ቢገኝ ከዚህ ቢነሣ ደስ ይለኝ ነበር።

እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። የነርቭ ሕዋስን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ስሥል ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ይሁንና የወንድሜ ሕመም ዓይኔ ሥር ሲጀምር አላወቅሁትም፤ ምክንያቱም የአእምሮ ሕመም ማለት ለእኔ ጨርቁን ጥሎ አደባባይ የወጣ፣ ብቻውን እየጮኸ የሚሄድ፣ አለዚያም በፊልም እንደሚታየው ዛሬ አንድ ሰው ነገ ሌላ ሰው የሚሆን ነበር። ወንድሜ ከእነዚህ አንዱንም አላደረገም። ዝም ነው ያለው።

የሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፣ ሃያ ዓመት እንደ ሞላው፣ ለዕረፍት ወደ ቤት መጣ። ቀድሞ ሻንጣውን በር ላይ ጥሎ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ሐይቁ ዳር ለኳስ የሚሮጥ ልጅ ነበር። ያን ጊዜ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ከክፍሉ ወጣ ለማለት አያስደፍርም። ፈተና እንዴት ነበር ስለው «ደኅና»፣ ምን ልሥራልህ ስለው «ምንም»፣ ጓደኞችህ መጥተዋል ስለው «እሺ» ይልና አይነሣም። አንዱን ጃኬት ቀንም ሌሊትም ሳያወልቅ ከረመ። እናታችን ትምህርት በዝቶበት ነው አለች፤ ጎረቤት ፍቅር ይዞት ነው አለ፤ እኔ ደግሞ ስንፍና ነው ብዬ፣ በመምህርነት ድምፄ፣ ዛሬ ሳስበው በሚያሳፍረኝ ቃል ገሠጽኩት።

በዚያው ሰሞን አያታችን ዐረፈች። ወንድሜን ያሳደገችው እርሷ ናት። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ፣ እርሱ ከአግዳሚው ወንበር ጫፍ ተቀምጦ፣ እንባ ሳይወጣው፣ ፊቱም ሳይለወጥ፣ የድንኳኑን ገመድ እያየ ዋለ። አንድ ጊዜ እንዲያውም ፈገግ ያለ መሰለ። ይህን ለቀስተኛ ሁሉ አየ። «የዘንድሮ ልጅ ልቡ ድንጋይ ነው» ተባለ፤ ወሬውም ሣልስቱ ሳያልፍ ለእናቴ ደረሳት። ከዓመታት በኋላ ስለዚያ ቀን ስጠይቀው፣ ውስጡ እያዘነ እንደ ነበረ፣ ኀዘኑ ወደ ፊቱ የሚወጣበት መንገድ ግን እንደ ተዘጋበት ነገረኝ።

ሐኪሞች ይህን ዓይነቱን ነገር «አሉታዊ ምልክት» ይሉታል። ስሙ ያሳስታል፤ መጥፎ ለማለት ሳይሆን በሰውየው ዘንድ የነበረ ነገር መጉደሉን ለማመልከት ነው። የንግግር ማጠር፣ የፊት ገጽታ መደንዘዝ፣ ነገር ለመጀመር የሚያስችል ውስጣዊ ግፊት መጥፋት፣ ከሰው መሸሽ፣ ደስ ያሰኝ የነበረው ሁሉ ደስታ አለመስጠት፣ ገላንና ልብስን መርሳት፤ እነዚህ ሁሉ ከሕመሙ የሚመነጩ ናቸው። ብዙውን ጊዜ ድምፅ መስማት ከመጀመሩ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በፊት ቀድመው ይመጣሉ። በእኛ ባህል ደግሞ እያንዳንዳቸው የተዘጋጀ ስም አላቸው፤ ሰነፍ፣ ኩሩ፣ ልበ ደንዳና፣ የማይረባ። ስም ለወጣለት ነገር ሐኪም የሚጠራ የለም። ለዚህ ነው «ሁለት ሰው በአንድ አካል» የሚለው ምሳሌ ያስቆጣኝ፤ ቤተሰብ የሌለ ምልክት ሲጠብቅ ያለው ምልክት ከፊቱ ያልፋል።

ሁለተኛው ወገን፣ በነበረው ላይ የሚጨመረው፣ የመጣው ከወራት በኋላ ነው። መጀመሪያ የእናታችንን እንጀራ መብላት አቆመ። በኋላ እንደ ተረዳነው፣ ምግቡ ውስጥ አንድ ነገር እንደሚጨመርበት አምኖ ነበር። ሁለት ወር ያህል የበላው ሙዝና ከነቅርፊቱ የተቀቀለ እንቁላል ብቻ ነው፤ እንቁላሉንም ወደ ብርሃን አንሥቶ፣ አዟዙሮ፣ ቀዳዳ እንደሌለበት ካረጋገጠ በኋላ ራሱ ልጦ ነበር የሚበላው። ከዚያ ደግሞ የአባ ኮዳዎቹ ነገር መጣ። የሐዋሳ ሰው እንደሚያውቀው፣ ከአሞራ ገደል የማይጠፉት እነዚያ ረጃጅም ወፎች አመሻሹ ላይ በየዛፉና በየቆርቆሮው ጫፍ እንደ ዳኛ ይቆማሉ። ወንድሜን ሊጠብቁት የተላኩ መሰሉት። ማን ላካቸው ብዬ ብጠይቀው «አንቺ ታውቂያለሽ» አለኝ። ወፎቹ የሚመጡት ለዓሣ አንጀት መሆኑን፣ በመምህር ደንብ፣ በማስረጃ ላስረዳው ሞከርኩ። ያተረፍኩት ነገር ቢኖር ከላኪዎቹ መካከል መቆጠርን ነው። ጽኑ የተሳሳተ እምነት በክርክር የሚናድ ቢሆን ኖሮ ሕመም አይባልም ነበር። በኋላ አንዲት የሳይካትሪ ነርስ ያስተማረችን ሌላ መንገድ ነው፤ እምነቱን ሳንቀበል ፍርሃቱን እንድንቀበል፣ «ማንም አልላካቸውም» ከማለት «ፈርተሃል፤ አብሬህ ልቀመጥ» እንድንል።

ድምፆቹን በተመለከተ፣ በዚህ ደብዳቤ የመጀመሪያ ረቂቅ ላይ ሁለት ናቸው ብዬ ጽፌ ነበር። ወንድሜ አንብቦ «ሦስት ናቸው፤ አርሚው» አለኝ። አንዷ ሴት ናት፤ ሁለቱ ወንዶች ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ እርሱን አያናግሩትም፤ ስለ እርሱ እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ። «ብርጭቆውን አነሣ»፤ «አይጠጣውም»፤ «ይጠጣዋል እንጂ»። ሦስተኛ ወገን ሆኖ ስለ ራስ ሲወራ መስማት ሐኪሞች በትኩረት ከሚጠይቋቸው ምልክቶች አንዱ እንደ ሆነ ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ሌላው ሰው ሊረዳው የሚገባው፣ ድምፁ ለታማሚው እንደ ሐሳብ የሚመጣ አለመሆኑን ነው፤ የባጃጅ ጥሩምባ በሚሰማበት ጆሮ፣ የባጃጅ ጥሩምባ በሚሰማበት መጠን ይሰማል። ወንድሜ ጆሮው ውስጥ ጥጥ ወትፎ ይተኛ ነበር።

ሦስተኛ ወገን የሆኑት ምልክቶች የማሰብ ችሎታን የሚነኩት ናቸው፤ ትኩረት ይበተናል፣ አሁን የተባለው አሁን ይረሳል፣ ሥራን በቅደም ተከተል ማቀድ ያዳግታል። ስኳር፣ ሳሙናና ሻማ እንዲያመጣ ወደ ሱቅ የተላከ ሰው ሳሙና ይዞ ይመለሳል። ድምፆቹ በመድኃኒት ከጠፉ በኋላም ብዙውን ጊዜ የሚቀረውና ሰውን ከትምህርትና ከሥራ የሚያስቀረው ይኸኛው ነው። ወንድሜ ወደ ዩኒቨርሲቲ አልተመለሰም። አሁን በሳምንት ሦስት ጠዋት አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ይሠራል፤ የገጹን ቁጥር መዳፉ ላይ እየጻፈ ነው የሚቆጥረው።

ይህን ያነበበ ሰው ጎረቤቱን ወይም አማቹን መርምሮ እንዲፈርድ አልፈልግም። ድምፅ የሰማ ሁሉ ስኪዞፍሬኒያ የለበትም። የሞተበትን ሰው ድምፅ ለጥቂት ጊዜ የሚሰማ ኀዘንተኛ አለ፤ ከባድ ድብርት፣ መጠጥ በድንገት ማቆም፣ የሚጥል በሽታ፣ ወደ አንጎል የወጣ ወባ፣ ኤች አይ ቪ ተመሳሳይ ነገር ሊያመጡ ይችላሉ። ስኪዞፍሬኒያን የሚያሳይ የደም ምርመራም ሆነ የራስ ቅል ፎቶግራፍ የለም፤ ሐኪሙ ደም የሚያስመረምረው እነዚያን ሌሎች በሽታዎች ለመለየት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መመደቢያ አሥራ አንደኛው እትም ምልክቶቹ ቢያንስ አንድ ወር መቆየት አለባቸው ሲል፣ አሜሪካውያን የሚጠቀሙበት መመሪያ ደግሞ የሕመሙ ሁኔታ በጠቅላላው ስድስት ወር እንዲዘልቅ ይጠይቃል። እምነትንም ከሕመም መለየት ያስፈልጋል። ከአገልጋይ እስከ ምእመን «ተገለጠልኝ» የሚል ሰው በአገራችን ሞልቷል፤ ማኅበረሰቡ የሚጋራውና ሰውየውን ከሥራው፣ ከምግቡ፣ ከእንቅልፉ ያላፈናቀለው ነገር ሕመም አይባልም።

ቁጥሩ ከሚታሰበው በላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 በመላው ዓለም 24 ሚሊዮን ያህል ሰው፣ ማለትም ከ300 ሰው አንዱ ያህል፣ ከዚህ ሕመም ጋር እንደሚኖር ገልጾ ነበር። በአገራችን በቡታጅራና አካባቢዋ በተካሄደ ሰፊ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆኑ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ቤት ለቤት ተጠይቀው፣ ከሺህ ሰው ወደ አምስት የሚጠጋው በሕይወቱ ስኪዞፍሬኒያ እንደ ያዘው ተገኝቷል፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው የማያውቁ ነበሩ። ይህን ወደ ሰፈር ሳወርደው፣ ሁለት መቶ አባወራ ባለው ዕድራችን ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ሰው መኖር አለበት ማለት ነው። ሁለቱን አውቃቸዋለሁ፤ አንዱ የእኛው ነው። ሦስተኛው ካለ የተቆለፈ በር ጀርባ ነው ያለው።

ወደ ባከነው ጊዜ ልመለስ። እናታችን በመጀመሪያ ወደ ጸበል ወሰደችው። በዚህ አላፍርም፤ ያጽናናት የነበረውም እርሱ ነው፤ ወንድሜም ከጸበሉ ይልቅ አብረውት የሚጸልዩት ሰዎች ዝምታ እንዳሳረፈው ይናገራል። የሚቆጨኝ አንደኛውን ይዘን ሌላኛውን መተዋችን ነው። ከጸበሉ ስንመለስ ግን የሄድንበት አንድ የጤና ተቋም ሃሎፔሪዶል አዝዞ፣ ሊያስከትል ስለሚችለው ነገር አንድ ቃል ሳይነግረን አሰናበተን። በሦስተኛው ቀን ማታ የወንድሜ አንገት ወደ ግራ ተጠምዝዞ ቀረ፤ ዓይኖቹ ወደ ላይ ተሰቀሉ፤ መንጋጋው ተቆለፈ። እናቴ ጮኸች። ጎረቤት ተሰበሰበና «ያደረበት ነገር መድኃኒቱን ጠልቶ ነው፤ ሊገድለው ነው» ተባለ። መድኃኒቱን ሽንት ቤት ጣልነው፤ አምስት ወርም ያለ ሕክምና ቆየ። ያ የአንገት መጠምዘዝ የታወቀ የመድኃኒት ጠባይ ነው፤ በተለይ ወጣት ወንዶችን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያጋጥማል፤ ትራይሄክሲፌኒዲልን በመሰለ ርካሽ መድኃኒት ይለቃል፤ የዚሁ ወገን የሆነ ሌላ መድኃኒት በመርፌ ሲሰጥማ በደቂቃዎች ውስጥ ነው። ማዘዣው ላይ አንድ መስመር፣ ወይም በር ላይ የሁለት ደቂቃ ንግግር፣ አምስቱን ወር ያተርፍልን ነበር። መድኃኒት የሚያዝዙ ባለሙያዎች ይህን ደብዳቤ ካነበቡ፣ ከዚህ ሁሉ ነገር ይህቺን ብቻ ይያዙልኝ።

የመጀመሪያው ፀረ ሳይኮሲስ መድኃኒት ክሎርፕሮማዚን በፓሪስ ሆስፒታሎች ለአእምሮ ሕሙማን መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው፤ ከዚያ በፊት ለዚህ ሕመም ይህ ነው የሚባል መድኃኒት አልነበረም። እነዚህ መድኃኒቶች በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን የመልእክት ንጥረ ነገር ይገታሉ፤ ድምፆቹንና ፍርሃቱን በብዙ ሰው ላይ ያበርዳሉ፤ ዝምታውን ግን ያን ያህል አያነሡም። ለውጡ በቀናት ሊጀምር ቢችልም ሙሉ ጥቅሙን ለማየት ሳምንታት ይፈጃል። እጅ መንቀጥቀጥ፣ አንድ ቦታ መቀመጥ አለመቻል፣ ምራቅ መብዛት፣ ከአዳዲሶቹ መካከል በአንዳንዶቹ ደግሞ ክብደት መጨመር ያስከትላሉ፤ ይህ ለሐኪሙ ሲነገር መጠኑ ወይም ዓይነቱ ይለወጣል። ወንድሜ አሁን በየወሩ ፍሉፌናዚን የሚባል መርፌ ይወጋል፤ በየቀኑ ክኒን ዋጥህ አልዋጥህ ከሚል ጭቅጭቅ እርሱንም እኛንም ገላግሎናል። መጠኑ ለሁሉም አንድ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ሕመም በኋላ ቢያንስ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ሳያቋርጡ መቀጠል እንደሚገባ ግን ሐኪሞች ይስማማሉ።

እኛም ይህን የተማርነው በዋዛ አልነበረም። ወንድሜ ደኅና ነኝ ብሎ በገዛ ራሱ ባቋረጠ በአራተኛው ወር አገረሸበት። ማገርሸቱን ያወቅነው አንድ ማክሰኞ ጠዋት «እማዬ፣ እንቁላል ቀቅይልኝ፤ እንዳትልጪው» ባለ ጊዜ ነው። እናቴ ነጠላዋን ሳታስተካክል ነው ባጃጅ ያስቆመችው፤ ያን ጊዜ ቶሎ ስለ ደረስን በሦስት ሳምንት ተመለሰልን። እያንዳንዱ ሰው እንዲህ ያለ የራሱ ምልክት አለው፤ እንቅልፍ ማጣት፣ መጋረጃ መዝጋት፣ ስልክ ማጥፋት ሊሆን ይችላል፤ ቤተሰቡ ካወቀው ከማንኛውም መሣሪያ ቀድሞ ይናገራል። (ዛሬም ወንድሜ እንቁላል ሲያምረው እናቴና እኔ እንተያያለን፤ እርሱም «ርቦኝ ነው፣ ርቦኝ ነው!» ይላል።) ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት ደኅና ነው። «ዕብድ ቢጨምት እስከ እኩለ ቀን» የሚሉ አዛውንቶች ብዙ ነገር አይተው ይሆናል፤ መርፌውን ግን አላዩም።

ስለ መንሥኤው የሚባለው ብዙ ነው፤ እኔ የማውቀውን አጭር ነገር ልናገር። ዘር ድርሻ አለው፤ ግን ብቻውን አይወስንም። በመልክ ፍጹም ከሚመሳሰሉ መንትዮች አንዱ ቢታመም ሌላውም የመታመም ዕድሉ ከግማሽ አያልፍም። በእርግዝናና በወሊድ ጊዜ የሚያጋጥም ችግር፣ በለጋ ዕድሜ ካናቢስ ማጨስ ዕድሉን ይጨምራሉ። ጫት አብዝቶ መቃም የጀመረውን ሕመም ያባብሳል፤ እንቅልፍ ይነሣል፣ መድኃኒትም ያስረሳል፤ በዚህ ጉዳይ ከወንድሜ ጋር ከአንድ ጊዜ በላይ ተጣልተናል። የእናት አስተዳደግ ግን አያመጣውም። በምዕራቡ ዓለም በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ «ቀዝቃዛ እናት» ልጇን ታሳምማለች የሚሉ ሐኪሞች ነበሩ፤ ሐሳቡ ማስረጃ አጥቶ ተጥሏል። እኛ ሰፈር ግን በሌላ ቋንቋ እስከ ዛሬ አለ፤ እናቴን «ምን ብታደርግ ነው» የሚሉ ሰዎች ቡናዋን እየጠጡ ነው የሚሉት።

ሌላው በጋዜጦች ጭምር የሚባባሰው ነገር አደገኝነቱ ነው። ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ በማንም ላይ እጃቸውን አያነሡም፤ ከመምታት ይልቅ የሚመቱ፣ የሚዘረፉ፣ ድንጋይ የሚወረወርባቸው ናቸው። እጅግ የሚያሰጋው ራሳቸውን ማጥፋታቸው ነው፤ በተለይ ሕመሙ በጀመረባቸው ዓመታትና ከሆስፒታል በወጡ ሰሞን፤ ስለዚህ «መኖር ሰለቸኝ» የሚል ቃል ከአፋቸው ሲወጣ እንደ ቀልድ መታለፍ የለበትም፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይዞ መሄድ ነው።

የት ይኬዳል ለሚል አንባቢ፣ ዱሮ መልሱ አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ለረጅም ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል እርሱ ነበርና። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይካትሪ ስፔሻሊስቶችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። ዛሬ በሐዋሳም ሆነ በሌሎች ከተሞች ባሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ካርድ የሚወጣው እንደ ማንኛውም ሕመም ነው፤ የዘበኛውን ፈገግታ ቻል አድርጎ ማለፍ ግን ያስፈልጋል።

እኔ ከዚህ በኋላ በክፍሌ ውስጥ አንድ ነገር አድርጌአለሁ፤ ሌሎች መምህራንም ቢያደርጉት እወዳለሁ። ጎበዝ የነበረ የአሥራ አንደኛ ወይም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ያለ ምክንያት ከጓደኞቹ ሲለይ፣ ደብተሩ ባዶ ሲሆን፣ ጸጉሩንና ልብሱን ሲተው፣ ከመገሠጼ በፊት ለብቻው አስቀምጬ ሦስት ነገር እጠይቀዋለሁ፤ እንቅልፍህ እንዴት ነው፣ የምትፈራው ነገር አለ ወይ፣ ሌላ ሰው የማይሰማውን ትሰማለህ ወይ። አብዛኞቹ ሌላ ችግር ነው የነበረባቸው፤ የቤት ኪራይ፣ የአባት መጠጥ፣ ፍቅርም ጭምር። አንድ ልጅ ግን ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ ሳይሰጠኝ ወደ በሩ ዞሮ አየ። በማግስቱ ከአባቱ ጋር ሆነን ሆስፒታል ሄድን።

ለዝግጅት ክፍሉ ያለኝ ጥያቄ ቀላል ነው። ቃሉን የሚለዋውጥ መሥሪያ ቤት ስታገኙ «ቃሉን የሚያጥፍ» በሉት፤ አማርኛ ለዚህ ቃል አያንሰውም። ስኪዞፍሬኒያ የሚለውን ለሕመሙ ተዉልን። የወንጀል ዜና ስትጽፉም ሐኪም ሳያረጋግጥ «የአእምሮ በሽተኛ ነው ተብሏል» የምትለዋን ሐረግ አስቀሩልን። እርማት የምታወጡ ከሆነ በአስተያየት ገጹ ላይ ቢሆን ይሻላል፤ ወንድሜ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ስፖርቱን ለእኔ ትቶ የሚያነበው እርሱን ነው።

ከአክብሮት ጋር፤
አንዲት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት
ከሐዋሳ